ገደል ላይ ተንጠልጥዬ የሰማሁት ሰላምታ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ከመስቀል በኋላ ነው። ጉልበቴ ድኗል። ነገሩ ከአእምሮዬ ያልወጣው ግን እነዚያን ሰዎች ዛሬም በየጠዋቱ ስለማያቸው ነው።

እዚህ ጎንደር በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ነኝ። ኃላፊያችን ውጭ አገር ደርሰው ሲመለሱ፣ ሠራተኛ ተራራ ላይ አብሮ ቢወጣና ቢወርድ በሥራም ይተባበራል የሚል ነገር ይዘው መጡ። የእኛ ቢሮ እርስ በርሱ ሲቦጫጨቅና ሲያሳብቅ የሚውል ቢሮ ነው። ገደል መውረድ ይህን አመል እንዴት እንደሚያድነው አልገባኝም። ቢሆንም ከወንበር መነሣቱን ወደድሁትና ስም ስጡ ሲባል ቀድሜ ሰጠሁ።

«ምነው አንቺ ደግሞ፣ ገደል ምን አለሽ?» አሉኝ የመዝገብ ቤቱ ሹም አቶ ይርጋ።

«እርስዎስ ምን አለዎት?» አልኋቸው።

ከደባርቅ አለፍ ብሎ መንገዱ ወደ አዲ አርቃይ ማቆልቆል ከሚጀምርበት አጠገብ ከመኪና ወረድን። አሠልጣኙ ፈረንጅ ነው፤ አማርኛ አያውቅም። እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ስለተማርሁ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርሁ። ትእዛዙ አጭር ነው። አንድ ሰው ወገቡን ታስሮ በገደሉ ይወርዳል፤ አራት ሰዎች ከላይ ገመዱን ይይዛሉ፤ የመጣው ቢመጣ አይለቁም። ይህን እኔው በአፌ ደጋግሜ ነገርኋቸው።

አቶ ይርጋ ሳቁ። «በሬ ጠምዶ ላደገ ሰው የገመድ አያያዝ ታስተምሪያለሽ? ይልቅ ውረጂና እንይሽ።»

ወረድሁ። ገመዱን አቶ ይርጋና ሌሎች ሦስት ባልደረቦቼ ይዘዋል፤ አሠልጣኙ ከታች ሆኖ ይጠብቀኛል። ግማሽ ላይ ስደርስ ከላይ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። ለካ ኃላፊያችን ሥልጠናውን ሊጎበኙ መምጣታቸው ነው።

ወዲያው ገመዱ ላላ። አራቱም ባርኔጣ ሊያወልቁና እጅ ሊነሡ ገመዱን ጥለውታል። ድንጋዩ ጉልበቴን እየላጠው ተንሸራተትሁና አንድ የአስታ ቁጥቋጦ ጨበጥሁ። ከእግሬ በታች ባዶ ነው። ጮኽሁ። ከላይ ግን ሰላምታው በማዕረግ ተራ ቀጥሏል።

«እንደምን ሰነበቱ ጌታዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«መንገዱስ አላደከመዎትም?»

የአስታው ሥር እየተነቀለ አፈሩ ፊቴ ላይ ይረግፋል። እነሱ ገና የቤተሰብ ጤና ላይ ናቸው።

«ኅብረቱ እንዴት ነው?» አሉ ኃላፊው።

«እጅግ ሸጋ ነው ጌታዬ። እንደ አንድ ሰው ሆነናል።» የአቶ ይርጋ ድምፅ ነው።

«ጸሐፊዋስ የት አለች?»

«አለች ጌታዬ። ትንሽ ወረድ ብላለች።»

ያን ጊዜ አፌን ከፈትሁ። ያልሁትን እዚህ አልጽፈውም፤ የአቶ ይርጋን አባት ከመቃብር የሚቀሰቅስ ነበር። እሱን ሲሰሙ ነው ገመዱን ከመሬት አንሥተው የሳቡኝ።

ጉልበቴ እየደማ ከገደሉ አፍ ስወጣ አቶ ይርጋ ተቆጡ። «ምነው ልጄ፣ በአለቃ ፊት እንዲህ ያለ ስድብ? አሳፈርሽን።»

«ገመዱን ለምን ለቀቁት?»

«ታዲያ ጌታዬ ሲመጡ ገመድ ታቅፌ ጀርባዬን ልስጣቸው?»

የምራቸውን ነው። የቀሩት ሦስቱም በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኃላፊው አንዳቸውንም አልገሠጹም። እንዲያውም እነ አቶ ይርጋ ባርኔጣቸውን ባያወልቁ ኖሮ ይቆጡ የነበር ይመስለኛል።

አሠልጣኙ እያለከለከ ወጣና ለምን እንደለቀቁ እንድጠይቅለት ነገረኝ። መጠየቅ አላስፈለገኝም። «አለቃ መጣ» ብዬ ተረጎምሁለት። አልገባውም፤ ደገምሁለት። ገመዱን ጠቅልሎ መኪናው ውስጥ ወረወረው።

ገደሉን አልፈራሁትም፤ ዛሬም ውረጂ ብባል እወርዳለሁ። ከእነሱ ጋር ግን ደረጃም አልወርድም። አሁንም ኃላፊው ቢሮ ሲገቡ ሁሉም የያዘውን ጥሎ ብድግ ይላል። እኔ እጄን ከጽሕፈት መኪናው አላነሣም። ለዚህ ተወቅሻለሁ፤ አንድ ቀን ያባርሩኝ ይሆናል።

«ምነው ልጄ፣ ኩራት ነው?» ይሉኛል አቶ ይርጋ።

«ሥራ ይዣለሁ» እላቸዋለሁ፣ ቀና ሳልል።