እህቴና «ደህና ነኝ» የሚለው መልስ

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ገደማ፣ ማስተማር እንደጀመርኩ፣ ታላቅ እህቴ በስደት አገር፣ ብሬብሩክ በሚባል ሰፈር በተከራየነው ቤት አራስ ነበረች። ባሏ በሥራ ምክንያት ስለማይኖር የምናርሳት እኔና እትዬ ነበርን። እትዬ የምንላቸው፣ አስኮት ቬል በሚባለው ሰፈር የመንግሥት ኪራይ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ በዕድሜ እናታችን የሚሆኑ ወዳጃችን ናቸው።

እዚህ አገር አራስ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ አዋላጅ ነርስ ቤቷ ድረስ መጥታ ታያታለች። የእኛዋ ፀጉሯ የሸበተ፣ እንደ እኛው ጫማዋን በር ላይ አውልቃ የምትገባ ሴት ነበረች።

«እንዴት ነሽ?» አለቻት።

«ደህና ነኝ፤ በጣም ደህና» አለች እህቴ በእንግሊዝኛ።

«ራስ ምታት አለሽ? ዓይንሽን ብዥ ይልሻል?»

«ትንሽ። ምንም አይደል።»

ከጠዋት ጀምሮ ግን ራሷን በሻሽ ጠፍንጋ፣ ብርሃን አላስችል ብሏት መጋረጃ አስዘግታን ነበር። እኛ ዘንድ «እንዴት ነሽ» ሰላምታ እንጂ ጥያቄ አይደለም። እግሩ የተሰበረ ሰው እንኳ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ካለ በኋላ ነው ስብራቱን የሚናገረው። እህቴ ይህንኑ ልማድ በእንግሊዝኛ መለሰችው።

እትዬ ገንፎውን እያገነፉ ከወጥ ቤት ጮኹ፦ «ምን ደህና ነኝ ትላለች! ሰርግ የተጠራች መሰላት እንዴ? ንገሪያት እንጂ አንቺ፣ አስተማሪ አይደለሽ!»

ከጠዋት ጀምሮ እንደታመመች ለነርሷ ነገርኳት። እሷ ግን ቀድማ የደም ግፊት መለኪያውን የእህቴ ክንድ ላይ እየጠቀለለች ነበር። ለካች፤ ደግማ ለካች፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ደወለች። ሕፃኑን ታቅፈን በእኔ መኪና ስንደርስ በር ላይ እየጠበቁን ነበር። ግፊት ከወሊድ በኋላም ሊነሳ፣ ሊያንቀጠቅጥ፣ ሊገድልም እንደሚችል ሐኪሙ ነገረኝ። ማንቀጥቀጡን የሚከላከለው መድኃኒት በደም ሥሯ መግባት ጀመረ።

እትዬ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ።

«የኔን እህት የወሰዳት ይኸው ነው» አሉ። «እሷም ራሴን፣ ራሴን ነው ያለችው። አገር ቤት ጤና ጣቢያው ነበረ እኮ። ነርሱም ነበረ፣ ደግ ልጅ። መድኃኒቱ አልቋል አለን። ከተማ የሚወስደን መኪና ስንጠብቅ...»

የጤና በጀት ምን እንደሆነ ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ክብ ስዬ፣ ክቡን ከፋፍዬ አስረዳ ነበር። ያን ቀን በሌላ መንገድ ገባኝ። መድኃኒቱ ብርቅ አይደለም። ነገር ግን መድኃኒቱ፣ የሚሰጠው ሰውና የሚያደርሰው መኪና በአንድ ቀን መገናኘት አለባቸው። መንግሥት ለእናቶች ጤና ገንዘብ መደበ ማለት፣ እንዲገናኙ አስቀድሞ አሰበ ማለት ነው። ለእትዬ እህት ከሦስቱ ነርሱ ብቻ ተገኘ። ለእኔ እህት ሳትጠይቅ፣ እንዲያውም ደህና ነኝ እያለች፣ ቤቷ ድረስ መጡላት። ለዚህ አገር ግብር ስከፍል እስከ ዛሬ ቅር ብሎኝ አያውቅም።

የእህቴ ግፊት ከወረደ በኋላ ቤት የመጣችው ነርስ ልትጠይቃት ወደ ክፍሏ ብቅ አለች። እትዬ ብድግ ብለው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ውለጂ፣ ክበጂ በይልኝ» አሉኝ።

«እትዬ፣ አያት እኮ ናት!»

«ምን አገባሽ? ተርጉሚ ብዬሻለሁ።»

ተረጎምኩ። ነርሷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ «አራት ወልጃለሁ፣ ይበቃኛል በያቸው» አለች።

«እንግዲያው የልጅ ልጆቿ ይውለዱ፣ ይክበዱ» አሉ እትዬ፤ እጇን ግን አልለቀቁም። እህቴም ሳቀች። ሕፃኑ እቅፌ ውስጥ በሳቋ ነቅቶ ማልቀስ ሲጀምር ተቀብላኝ አጠባችው።