ለእንግዳ የተዘጋጀ ስህተት

የስድስተኛ ክፍል የሳይንስ መምህራችንን ያኔ "አንቱ" እለው ነበር። አሁን የሚገስጸኝ የለምና "እሱ" እያልኩ እጽፈዋለሁ። ላልተገባው ሰው ያባከንኩት አክብሮት ይበቃኛል።

ትምህርት ቤታችን ከደብረ ታቦር ወደ እብናት ከሚወስደው መንገድ ወረድ ብሎ፣ ነፋስ ፊት ለፊት የሚመታው ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው። የዘወትሩ ትምህርት ቀላል ነበር፤ እሱ ከመጽሐፉ ወደ ሰሌዳ ይገለብጣል፣ እኛ ከሰሌዳው ወደ ደብተር እንገለብጣለን፣ ከዚያ ይደወላል። የጠየቀ ልጅ ካለ "መጽሐፉ ላይ አለ" ይባላል። መጽሐፉ ደግሞ ለቡድን አንድ ስለሆነ ከቡድኑ መሪ ቤት ነው የሚያድረው። አንድ ለአምስት ተደራጅተናልና መሪዋ ትመልሳለች፣ የቀረነው ራሳችንን እንነቀንቃለን። ይህ ተማሪ ተኮር ትምህርት ይባላል። አንድ ማይክሮስኮፕም ነበረን፤ እንዳይሰበር ተብሎ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። እውነትም አልተሰበረም።

አንድ ቀን ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ከወረዳ ሱፐርቫይዘሮች መጥተው የሞዴል ትምህርት እንደሚያዩ ተነገረን። ወላጆችም ይጋበዛሉ ተባለ። ዓመቱን ሙሉ ወንበሩ ላይ ተዘፍዝፎ የከረመው ሰውዬ በአንድ ጊዜ ነፍስ ዘራ። ግድግዳው በቻርት ተሸፈነ። አግዳሚዎቹ ክብ ሠርተው ተደረደሩ። በተቆረጡ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ውስጥ እርጥብ ጥጥ ጎዝጉዞ ባቄላ አበቀለና መስኮቱ ላይ ደረደራቸው። ርዕሱ የዘር መብቀል ነው። ሳምንቱን ሙሉ ያንኑ አንድ ትምህርት ተማርን። ማን እጅ እንደሚያወጣ፣ ማን እንደሚመልስ፣ የት ላይ ፈገግ እንደምንል ሳይቀር ተነገረን። ጭብጨባውን ለብቻው አጠናነው።

በዕቅዱ ላይ "ዘገምተኛ ተማሪን መደገፍ" የሚል ነጥብ አለ። ስለዚህ አንድ ሰው መሳሳት ነበረበት። በእውነት የማያውቁ ልጆች ሞልተውን ነበር፤ እነሱን ግን አላመናቸውም። የማያውቅ ልጅ ሳያስበው ትክክሉን ሊናገር ይችላላ። በዚያ ላይ ያፍራሉ፣ ድምፃቸውም አይሰማም። እንግዳ በሚመጣበት ቀን ችግኝ እንዲኮተኩቱ መደባቸውና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

"አንች ድምፅሽ ጥሩ ነው" አለኝ። "አንድ ዘር ለመብቀል አፈር የግድ ያስፈልገዋል ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ አዎ፣ ያለ አፈር አይበቅልም ትያለሽ። እኔ አይደለም እላለሁ። ከዚያ እሷ ትመልሳለች።" እሷ ያላት የቡድን መሪያችንን ነው።

"ቲቸር፣ እኔኮ መልሱን አውቀዋለሁ" አልኩ።

"ለዚህ እኮ ነው የመረጥኩሽ። አሳምሮ የሚሳሳት የሚያውቅ ሰው ነው።"

በማስተማር ዘመኑ የተናገረው ብልህ ነገር ይህ ብቻ ይመስለኛል።

ነገሩ በሳቅ ባለፈ ነበር፤ ነገር ግን ከሚጋበዙት ወላጆች አንዱ አባቴ ናቸው። ትምህርት ቤታችን ስድስተኛ ላይ ያበቃል። ሰባተኛን የፈለገ ደብረ ታቦር ገብቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ስንቅ እያመላለሰ ነው የሚማረው። እናቴ ትሂድ ትላለች። አባቴ ግን ገና አልቆረጡም። "ጭንቅላቷ የሚቀበል ከሆነ ትሂድ፤ ካልሆነ ምን ያንከራትታታል? ሄጄ በጆሮዬ እሰማለሁ" ብለዋል። እንግዲህ በጆሯቸው ሊሰሙ የሚመጡት የእኔን ስህተት ነው፤ ያውም ለገበሬ፣ ያውም ስለ ዘር። መምህሩን በሌላ ልጅ እንዲለውጠኝ ለመንኩት።

"አሁን ደግሞ ማንን ላስጠና? አታበላሺብኝ" አለ። "አባትሽም ቢሆኑ ሰምተው ይረሱታል።"

እሱ የሰማውን ሁሉ ስለሚረሳ ሰው ሁሉ እንደሱ መስሎታል። እኔም በልቤ ቆረጥኩ፤ ትክክሉን እናገራለሁ።

ቀኑ ደረሰ። ሁለቱ ሱፐርቫይዘሮች ከኋላ ተቀመጡ። ወላጆች ግድግዳውን ተጠግተው አግዳሚ ላይ ተደረደሩ። አባቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ወደ ፊት አዘንብለዋል። መምህሩ ለብሶት የማያውቀውን ነጭ ጋዋን ለብሶ በመካከላችን ይመላለሳል። "ውድ ተማሪዎቼ" ይለናል። ውድ መሆናችንን በዚያን ቀን ሰማን።

ጥያቄው መጣ፣ በጣቱ ጠቆመኝ፣ ተነሣሁ።

"አያስፈልገውም" አልኩ። "ውሃ፣ አየርና ሙቀት ይበቃዋል። እኛ ቤት ለጠላ ብቅል ሲዘጋጅ ገብሱ ተነክሮ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ነው የሚበቅለው። አፈር አይነካውም።"

"ጥሩ ሙከራ ነው" አለ መምህሩ ፈገግ ብሎ። "ግን ትክክል አይደለም። ማን ያግዛት?"

ፊቱን አየሁት። ድንጋጤ የለም፣ ቁጣ የለም። አልሰማኝም። ሳምንቱን ሙሉ ያጠናው መናገርን እንጂ መስማትን አልነበረም። ከጀርባው መስኮቱ ላይ ባቄላዎቹ አፈር ሳይነካቸው ለምልመው ቆመዋል።

የቡድን መሪያችን ግራ ገብቷት እኔን አየች፣ እሱን አየች። ታዛዥ ልጅ ናትና ተነሣች።

"አያስፈልገውም፤ ውሃ፣ አየርና ሙቀት ይበቃዋል" አለች።

"ጎበዝ! ሞቅ አድርገን እናጨብጭብላት።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ወደኔ ዞረና "አሁን ገባሽ?" አለኝ። ገባኝ አልኩት። "እስቲ ድገሚው" ሲለኝ የራሴን መልስ መልሼ ነገርኩት፤ ለእኔም ተጨበጨበልኝ። አንደኛው ሱፐርቫይዘር ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ሁለተኛው በእጁ የያዘውን ዕቅድ እየተከተለ ምልክት ያደርጋል። መቼም ዕቅዱ ላይ ተማሪዋ ትሳሳታለች ከተባለ ተሳስታለች ማለት ነው። በመጨረሻም ይኸው ሱፐርቫይዘር አስተያየት ሲሰጥ፣ መምህሩ ዘገምተኛዋን ተማሪ በአንድ ክፍለ ጊዜ ማብቃቱን አድንቆ፣ ለሌሎች መምህራን ተሞክሮ ይሁን ብሎ አሳሰበ። ጋዋን የለበሰው ሰውዬ አንገቱን ሰበር አድርጎ ምስጋናውን ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይን አውጣ አይቻለሁ፤ ዓይን ማውጣቱን እንኳ የማያውቅ ግን እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ከፊት ከፊት እየሄዱ ወንዙን ተሻገርን። ከተሻገርን በኋላ ቆም አሉ።

"አንች ያልሽውና ያች ልጅ ያለችው አንድ አይደለም ወይ?"

እርጥብ እግሬን ሣሩ ላይ ጠረግሁ።

"ጆሮ አለኝ እኮ ልጄ። ብቅሉንም እናትሽ ስታበቅል እያየሁ ነው ያረጀሁ። እውነት ተናግረሽ ስህተት ካሉሽ፣ ስህተት ስትናገሪ ምን ሊሉሽ ነው? ለዚህ ነው ስንቅ ተሸክመሽ ከተማ የምትንከራተች? ተይው፣ ቅሪ። ይኸን ይኸንማ ቤትሽም አታጭው።"

ያኔ ነው የገባሁበት ወጥመድ የታየኝ። እንደታዘዝኩት ብሳሳት ልጅቱ አትረባም ተብዬ ልቀር ነበር። ትክክሉን ስናገር ደግሞ ትምህርት ቤቱ አይረባም ተብሎ ልቀር ነው።  አባቴ የሚናገሩት ሁሉ እውነት መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን እውነቱን ካመንኩላቸው ደብረ ታቦር ቀረ። ሰባተኛ ክፍልን እፈልግ ነበር። እንደዚህ አድርጌ የፈለግሁት ነገር አልነበረም። እናም በሕይወቴ ከማንም በላይ የናቅሁትን ሰው ወግኜ አባቴ ፊት ቆምኩ።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩ" አልኳቸው። "አምታትቼ ነው የተናገርኩት። አስተካክላ የመለሰች እሷ ናት። አንቱ ከሩቅ ስለነበሩ ነው አንድ የመሰለዎ። ቲቸር ልክ ናቸው።"

አባቴ ለረጅም ጊዜ ፊቴን አዩኝ። ዓይኔን ከመሬት አላነሣሁም። ዱላቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"እኔን አባትሽን እስክትዋሽኝ ድረስ ትምህርቱን ከወደድሽው፣ ሂጅ" አሉ።