የገረሴው ሽማግሌና ኮምፒዩተሩ

አርባ ምንጭ ውስጥ ኮምፒዩተር በጨርቅ ተሸፍኖ በሚቀመጥበት ዘመን፣ አንድ የጤና ማሰልጠኛ የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ ሊያደርገኝ አሰበ። የኮምፒዩተር ትምህርቱን የጨረስኩት ሲቀላ በሚባለው ሰፈር መናኸሪያ ሸክም እየተሸከምኩ ነው። ዳይሬክተሩ፣ "አዲሱን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነገ ለሚመጡት እንግዶች በደንብ ካሳየህ ሥራው ያንተ ነው" አሉኝ። ፕሮግራሙ በሽተኛውን ጠያይቆ በሽታውን የሚናገር ነበር።

በማግስቱ ወባዬ ተነሳብኝ። ከቀረሁ ወደ ሸክሙ መመለሴ ስለሆነ ለማንም ሳልናገር ገባሁ።

ለማሳያ የቀረቡት በሽተኛ ከገረሴ ከተማ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሰው ደግፎ አስቀመጣቸው። ኮምፒዩተሩ በእንግሊዝኛ የሚያወጣውን ጥያቄ በአማርኛ እየነገርኳቸው መልሳቸውን እጽፋለሁ።

"አባባ፣ ምን ያምዎታል?"

"ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን።"

"ትኩሳት አለዎት?"

"ጌታ ይመስገን።"

"ምግብስ ይበላሉ?"

"እሱ መች ያሳጣናል!"

ዳይሬክተሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ያመማቸውን ጠይቃቸው እንጂ!" አሉኝ።

"ጠየቅኳቸው፤ ደህና ናቸው።"

ኮምፒዩተሩም ሰውዬው ጤነኛ ናቸው ብሎ መለሰ። እንግዶቹ ሳቁ። የዳይሬክተሩ ፊት ጠቆረ።

"አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው የምትንቀጠቀጠው?"

"ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን" አልኩና ከወንበሩ ወደቅኩ።

በነጋታው ስነቃ ሆስፒታል ነበርኩ፤ ግሉኮስ ተሰክቶልኛል። ሽማግሌውም እንደኔው ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ከጎኔ ካለው አልጋ ቀና ብለው፣ "ልጄ፣ እንዴት አደርክ?" አሉኝ።

"ደህና፣ ጌታ ይመስገን። እርስዎስ?"

"ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን።"

ዳይሬክተሩ እንግዶቹን አስከትለው በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። "ይኸው ስሙ!" አሏቸው። "ማሽኑ ምን ያድርግ?"

ከሆስፒታል የወጣሁት ኃላፊ ሆኜ ነው።