ስምንት ደቂቃ የምትዘገይ ሰዓት

አሮጌ ሰዓት መሰብሰብ የጀመርኩት ሥራ ፈትቼ አጋሮ፣ ሰቃ፣ ሊሙ እያልኩ ገበያ ለገበያ ስዞር ነው። የምፈልገው በእጅ የሚሞሉትን ብቻ ነው፤ በባትሪ የሚሠራ አልነካም። ከቡና ነጋዴ መሳቢያ፣ ከሟች ኮት ኪስ፣ ከልጆች መጫወቻ መሃል አሥራ አንድ ሰብስቤያለሁ። ጥገናውን ያስተማረኝ የለም፤ ሁለቱን ገድዬ ነው ሦስተኛውን ያስነሳሁት። ግጥምም የተማርኩት እንዲሁ ነው። ከሁለቱም ያተረፍኩት አንድ መጥፎ አመል አለ፤ ያልተጠየቅኩትን አስተካክላለሁ። ጓደኛዬ ግጥሙን አንብቦ ሳይጨርስ ቃሉን እቀይርበታለሁ።

አሥራ ሁለተኛዬ እንድትሆን የተመኘኋት ሰዓት ከአጋሮ ወዲያ፣ ቡና ጫካ ውስጥ ባለች አንዲት መንደር ነበረች። ባለቤቷ በመንደሩ መስጊድ አዛን የሚሉ ሽማግሌ ናቸው። ፊቷ ወይቧል፣ ቁጥሮቿ ግን አንድም አልጠፉም። እንዲሸጡልኝ ሁለት ጊዜ ለመንኳቸው።

"ኢልማ ኮ" አሉኝ በሁለተኛው፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "የሰው ሚስትና የሰው ሰዓት አይጠየቅም።"

ዘንድሮ ረመዳን በገባ በሁለተኛው ሳምንት ራሳቸው አስጠሩኝ። "መሙያዋ ወልቃ ጠፋች። እሷን ብቻ ግጠምልኝ።" "ብቻ" ማለታቸውን በደንብ ሰምቻለሁ።

ጅማ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር የተከራየኋት ክፍል ውስጥ መሙያውን ገጠምኩ። ከዚያ ግን ክዳኗን መዝጋት አቃተኝ። ሰዓቷ በየቀኑ ወደ ኋላ ትቀራለች። ውስጧ፣ ከሞላዋ አጠገብ፣ ፀጉር የምታህል ማንቀሳቀሻ አለች፤ ወደ አንድ ወገን ብትገፋ ታፈጥናለች፣ ወደ ሌላው ታዘገያለች። ሦስት ቀን በመርፌ ጫፍ እየነካካሁ ከስልኬ ጋር እኩል አስኬድኳት። የእኔ ባትሆንም እንደ ራሴ ነበር የያዝኳት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ወስጄ ሰጠኋቸው። ጆሯቸው ላይ አስጠግተው "ድምጿ ጠርቷል" አሉ። ስለ ማንቀሳቀሻዋ ትንፍሽ አላልኩም። ራሳቸው ደርሰውበት እንዲደነቁልኝ ነበር የፈለግኩት።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የዚያ መንደር ልጅ የሆነ፣ ጅማ የሚሠራ ልብስ ሰፊ የእጅ ሰዓቱን ማሰሪያ ላስቀይር ብሎ ወደ ክፍሌ መጣ።

"የመንደራችንን ሰዓት አዳንካት አሉ! አሁን ስንት ደቂቃ ነው የምትዘገየው?"

"አንድም።"

"አትቀልድ።"

"ምን እቀልዳለሁ? ከስልኬ ጋር እኩል ነች።"

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። "ብሮ፣ እሷ ሰዓት እኮ ከጠዋት እስከ ማታ ስምንት ደቂቃ ትቀራለች። ሌሊት ሞላዋ አልቆ ትቆማለች፤ ሰውየው ጠዋት ሞልተው ከጎረቤት የባትሪ ሬዲዮ ጋር ያስተካክሏታል፣ ማታ ስምንት ይደምሩባታል። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ እንደዚህ ነው። ነገርካቸው?"

አልነገርኳቸውም።

"የዛሬ ማፍጠሪያ አሥራ ሁለት ከሠላሳ ሰባት ነው። ሰዓቷ ሃያ ዘጠኝ ስትል እሳቸው አዛን ይላሉ። መንደሩ በሙሉ ፀሐይ ሳትገባ ሊበላ ነው! ጾሙ ተበላሸ ማለት ነው።"

"ሰማዩን አያዩም?"

"በዚህ ደመና? በዚያ ጫካ ውስጥ?"

መብራት ከጠፋባቸው አራተኛ ቀናቸው ነበር። የሽማግሌውን ስልክ ሞከረ፤ ዝግ። የሌሎች ሦስት ሰዎችንም ሞከረ፤ ሁሉም ዝግ። ጫማዬን ሳላስር ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

የአጋሮው ሚኒባስ ሁለት ሰው ጎድሎት ቆሟል። "እባክህ እንሂድ" እያልኩ ረዳቱን ስነዘንዘው፣ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት "ምነው ልጄ፣ ሚስትህ ምጥ ላይ ናት?" አሉ።

"ሰዓት ላስተካክል ነው።"

መኪናው በሳቅ ተናጋ። "ሰዓቱስ ደህና ነው" አለ ረዳቱ፣ "የተበላሸው ባለቤቱ ነው።"

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሳን። ዝናብ ያዘን፣ ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። አጋሮ ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጭቃውን አይቶ እምቢ ያላለኝ ሦስተኛው ባለሞተር ነው። ሁለት ጊዜ ወደቅን። ከሁለተኛው ስንነሳ ከጉልበቴ በፊት ያየሁት ስልኬን ነው፤ አሥራ ሁለት ከአሥራ ዘጠኝ። ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል፤ ፀሐይዋ ትግባ አትግባ የሚያውቅ ሰው ሊኖር አይችልም።

የመስጊዱ ግቢ ስደርስ ስልኬ ሃያ ዘጠኝ ይላል። ወንዶቹ ሸራው ሥር በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ናቸው። ቴምሩ ተዘርግቷል፣ ውኃው ተቀድቷል። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ሰዓቷን ዓይናቸው ሥር ይዘዋል፤ ሌላው እጃቸው ወደ ጆሯቸው እየወጣ ነው።

"ሂን ኛቲና!" ብዬ ጮህኩ። አትብሉ ማለት ነው። ስደነግጥ ኦሮምኛዬ ከዚያ አያልፍም። "አባባ፣ አይደምሩ! ሰዓቷ አትዘገይም! እኔ ነኝ ያስተካከልኳት!"

ስልኬን አሳየኋቸው። ሰዓቷን አዩ፣ ስልኩን አዩ፣ እጃቸውን አወረዱ። "ቆዩ" አሉ ለሰዉ።

ሰዉ ሁሉ ቴምሩን በጣቱ እንደያዘ ጠበቀ። ከረድፉ መሃል አንዱ "የራሱ ሁዳዴ አልበቃው ብሎ የእኛንም ጾም ያስረዝማል!" ሲል ግቢው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሠላሳ ሰባት ሲሆን አዛን አሉ፣ ሰዉ በላ። ለእኔም ውኃ ሰጡኝ።

ሽማግሌው ቴምራቸውን ውጠው አጠገቤ ተቀመጡ።

"የሰጠኸኝ ትናንት ጠዋት ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ትናንትስ?"

የያዝኩትን ውኃ መሬት ላይ አስቀመጥኩ። መዋሸት እችል ነበር። ጥገና የተደረገላት ሰዓት በመጀመሪያው ቀን እንደ ድሮዋ ትሄዳለች ብል ከፍቶ የሚያጣራብኝ ማንም የለም። በረድፉ ውስጥ ሾርባ እየተቀዳ ነው፣ ያ ቀልደኛ አሁንም እየሳቀ ነው።

"ትናንትም ልክ ነበረች፣ አባባ።"

ተነሡ። ሁሉንም ዝም አሰኝተው በኦሮምኛ ተናገሩ። የትናንቱ ጾም ፈርሷል፣ ከበዓሉ በኋላ እያንዳንዱ ሰው አንድ ቀን ጾሞ ይተካ አሉ፤ ጥፋቱንም በራሳቸው ላይ አደረጉ። ማንኪያው ሁሉ ቆመ። ከመጋረጃው ወዲያ የአንዲት አሮጊት ድምፅ ተሰማ፤ "ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ቀን ጎድሎብኝ አያውቅም።" ለማንም የተነገረ አልነበረም።

"የነካኋት እኔ ነኝ!" ብዬ ተነሣሁ።

"ተቀመጥ። አዛን ያልኩት እኔ ነኝ።" ሰዓቷን ፈትተው መዳፌ ላይ አኖሯት። "ስምንት ደቂቃዬን መልስልኝ።"

መንደሩ ውስጥ ስድስት ቀን ቆየሁ። ማንቀሳቀሻዋን ወደ ኋላ ስመልሳት መጀመሪያ አሥራ አንድ ዘገየች፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ዘጠኝ። ማታ ማታ ስልኬን ይዤ በሩ ላይ ከሽማግሌው ጎን እቆማለሁ፤ ቀን ከአጋሮ የሚመለስ ሞተረኛ ባትሪዬን አስሞልቶ ያመጣልኛል። በስድስተኛው ቀን ስምንት ሆነች። ሽማግሌው አሰሯት፣ መረቁኝም። በድምፃቸው የለየኋቸው እኒያ አሮጊት በየጠዋቱ በአጠገቤ ሲያልፉ ብድግ ብዬ ሰላም እላቸው ነበር። በሄድኩበት ጠዋትም ተነሥቼ ሰላም አልኳቸው። አልመለሱልኝም።