እህቴ ያልገባችበት ገንዳ

ልጅ እያለሁ ድሬዳዋ ላይ የማውቀው ገንዳ አንድ ብቻ ነበር፤ ከወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ፣ ከኒም ዛፍ ሥር ያለው የጥምቀት ገንዳ። የሚጠመቁ ሰዎች ሲኖሩ ከዋዜማው ጀምሮ በጎማ ውሃ ይሞላል። በዚያ ሙቀት የረጠበ ሲሚንቶ ሽታ እንዴት ልብ ያርስ ነበር! ነጭ የለበሱት ተራ በተራ ሲጠልቁ እኛ ልጆች ጠርዙ ላይ ተደርድረን ፍንጣቂውን በፊታችን እንቀበላለን።

ታላቅ እህቴ ሜሮን ግን ፍንጣቂው አልበቃትም። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አንድ እሑድ አባታችንን እየጎተተች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ወሰደችውና "እኔም መጠመቅ እፈልጋለሁ" አለች። ሽማግሌው ጋሽ ታደሰ ደግ ሰው ነበሩ። ቁጢጥ ብለው ዓይኗን እያዩ ጠየቋት።

"ኃጢአት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

ትንሽ አሰበች። "ማንም ሳያይሽ አጥፍተሽ፣ ስትተኚ ሆድሽን የሚበላሽ ነገር ነው።"

ጋሽ ታደሰ ሳቁ። "አቦ ይቺ ልጅ! ሙቀቱ ነው ያስቸኮለሽ፤ ውሃው አምሮሽ ነው" ብለው ራሷን ዳበሱ። "በእኛ ዘንድ ሰው የሚጠመቀው አስተውሎ፣ በገዛ አፉ መስክሮ ነው። ትንሽ እደጊና እናጠምቅሻለን።" አባቴም አብሮ ሳቀ። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ተሻግረን ወደ ቤት ስንቃረብ ሜሮን "የቀለድኩ መሰላቸው" አለችኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ሰፈሩን ወባ ገባበት። እኔም ታመምኩ፣ ዳንኩ። እሷን ግን ጠናባት፤ ሆስፒታል ገባች። እናቴ ያደገችው በኦርቶዶክስ ቤት፣ ክርስትና የተነሣችው በሰማንያ ቀኗ ነው። አባቴን በልመና ያዘችው።

"ቄስም ይምጣ፣ ፓስተርም ይምጣ፣ ግድ የለኝም። ብቻ ልጄን ውሃ አስነኩልኝ።"

"ሳይገባት የሚነካት ውሃ ምን ያደርግላታል?" አለ አባቴ። ድምፁ ግን እንደ ልማዱ አልጸናም።

"እሷማ ገብቷታል። ያልገባችሁ እናንተ ናችሁ!"

አባቴ ጫማውን እንኳ በወጉ ሳያጠልቅ በባጃጅ ጋሽ ታደሰን ሊጠራ ከነፈ። ይዟቸው ሲመለስ እናቴ የሜሮንን ፊት ሸፍናው ነበር።

ለቅሶው ላይ ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ከእናቴ ጎን አልተለየችም። "ሕፃን እኮ ናት! ሕፃን የጀነት ወፍ ነው፤ ማን ምን ብሎ ይጠይቃታል?" ትላት ነበር። እናቴን ያን ቀን ያበረታት እሱ ብቻ ይመስለኛል። ጋሽ ታደሰ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው "በደንብ መልሳልኝ ነበር እኮ" እያሉ እንደ ልጅ ያለቅሱ ነበር።

እኔ የተጠመቅሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። የጠየቁኝን ሁሉ ከትምህርቱ በቃሌ ሸምድጄ መለስኩ፤ ማንም አልሳቀም። ውሃው ውስጥ ስገባ አባቴ ማየት አልሆነለትም፤ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

አሁን ቤተ ክርስቲያናችን ትልቅ ሕንፃ ሆኗል። ገንዳው ሴራሚክ ለብሶ አዳራሹ ውስጥ ገብቷል፤ ጠርዙ ላይ የሚደረደር ልጅም የለም። ልጆች ሲጠይቁ ግን ቁጭ ብለው የሚሰሟቸው ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹን በአሥር ዓመታቸው ሲያጠምቁ አይቻለሁ። ባየሁ ቁጥር ደስም ይለኛል፣ ሜሮንንም አስባለሁ።

ልጄ ስምንት ዓመት ሞልቷታል። ታላቄ የነበረችው ሜሮን ዛሬ ከልጄ የምትበልጠው በአንድ ዓመት ብቻ ነው። ለከርሞ እኩያ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ልጄ ትበልጣታለች።