እትዬ ሀጀራ የላኩት ድምፅ

እትዬ ሀጀራን መካነ ሰላም ገበያ ላይ በርበሬ ሲሸጡ ያላየ የለም። ያላያቸው እንኳ ሰምቷቸዋል። ስልክ ሲያወሩ ይጮሃሉ፤ ሪያድ ሩቅ ነዋ! «ሱሀይላዬ! በልተሻል? ጉንፋኑ ለቀቀሽ?» ሲሉ ሽንኩርት ሻጯ ቦጋለች፣ «እትዬ፣ ይሄ ድምፅ ያለ ስልክም ይደርሳል፤ ካርድዎን አያባክኑ» ትላቸዋለች። «ዝም በይ አንቺ፣ ቅናት ነው!» ብለው ይስቃሉ።

ልጃቸው ሱሀይላ ሪያድ ሰው ቤት ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው። እውነቱን እናውራ፣ ኢሞ የሚሉት ነገር ባይመጣ ሴትዮዋ በናፍቆት አልቀው ነበር። የለበሰችውን፣ ያጠበችውን ሰሀን ሳይቀር ያያሉ። ማንበብ አያውቁም። ሰው የሚለዩት በፎቶው ነው፤ ፎቶውን ይነኩና ማይኩን ተጭነው ይናገራሉ፣ አለቀ። ባላቸው አያ ሀምዱ ደግሞ ልጃቸው ስልኩ ውስጥ ብቅ ስትል ኮፍያቸውን ያስተካክላሉ፣ እንግዳ የመጣ ይመስል።

ግንቦት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጧት፣ አያ ሀምዱ ውዱእ ሊያደርጉ እንዳጎነበሱ ቀሩ። ከሰዓት ተቀበሩ።

እኛ አገር መርዶ ወግ አለው። ብቻውን ላለ ሰው ሞት አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በጧት በር ተንኳክቶ፣ ሰውየው ቢወድቅ የሚይዘው ክንድ ተዘጋጅቶ ነው። ሱሀይላ እዚያ ማን አላት? የወግዲዋ አሚራ ብቻ፣ እዚያው ሪያድ ያለች፣ ጁምዓ ጁምዓ እረፍት የምትወጣ። እና ተመከረ፤ አሚራ ያገር ልጆች ይዛ ጁምዓ ትሂድ፣ ከጎኗ ቁጭ ብላ ታርዳት። እስከዚያ ትንፍሽ የለም። የቅሬያችን፣ የእድራችን ዳኛ አያ ሃሩን ከቀብር መልስ ሰዉን አስቁመው ተቆጡ፦ «አፍ ብቻ አይደለም፣ ጣትም ይያዝ! ፎቶ አንስቶ የለጠፈ ከቅሬው ይወጣል፣ የራሱን ሬሳ ራሱ ይቅበር!» ወላሂ፣ እኔ ራሴ ስልኬን አጠፋሁ። እኔ!

ታዲያ ከማን ወጣ? ከእናትየው።

እሮብ እለት እትዬ ሀጀራ አደራውን ለአሚራ በራሴ አፍ ካልነገርኩ አሉ። ሁለቱ ልጆች በረመዳን ኢድ አብረው ፎቶ ተነስተው ኖሯል፤ ሁለት በጥቁር ሻሽ የተጠቀለሉ ፊቶች፣ ጉንጭ ለጉንጭ። ሁለቱም ኢሞ ላይ ስማቸው አጠገብ እሱኑ ለጥፈዋል። እትዬ ፎቶውን ነኩ።

«አሚራ ልጄ፣ የሱሀይላ አባት አኼራ ሄደዋል። ብቻዋን እንዳትሰማ። ከወደቀች ያዣት።»

ላኩት። እንባቸውን ጠረጉ። ማናችንም ልብ አላልንም።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ። ሱሀይላ ናት፣ በምስል። ወለል ላይ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይሽከረከራል። አሰሪዋ እንዳትሰማ አፏን በሻሿ ጠቅጥቃ ነው የምታለቅሰው። ለቅሶ ቤቱ በሙሉ ስልኩን ከቦ ጮኸ።

«እማ፣ አባን ቀበራችሁት? ማን አጠበው?»

መልሱን ሳትሰማ ከወዲያ የሴት ድምፅ ጠራት። ፊቷን ጠረገች። «ነዓም፣ ማዳም» አለች፣ ቀጥ ባለ ድምፅ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው። ስልኩ ጣራ ጣራውን ሲያሳየን ቆየና ተዘጋ።

አሚራ ጁምዓ ሄዳ ነበር። የሱሀይላ ማዳም ከበር መለሰቻት።

ቦጋለች አንድ ቀን፣ «ምናለ ይሄ ስልክ ባይፈጠር» ብትል እትዬ ሀጀራ ተቆጧት። «ባይፈጠርማ ስድስት ዓመት ልጄን በምን አያት ነበር? ስልኩ ምን አረገ! እጄ ነው እንጂ።» ከዚያ በኋላ እጃቸውን ሲያዩ የሚውሉ መሰለኝ።

ገበያ ላይም ጩኸታቸው ጠፋ። ሱሀይላ ድምፅ መላክ ትታለች፣ በምስልም አትመጣም። ትጽፋለች። እሳቸውም በርበሬያቸውን ለቦጋለች አስጠብቀው ወደኔ ይመጣሉ፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ምሁር እኔ ነኛ።

«አንብቢው እስኪ።»

«‹ደህና ነኝ እማ። ስራ በዝቶብኝ ነው።›»

«ሌላስ?»

«ይኸው ነው እትዬ።»

«ትላንትም ይኸው ነበር። ወደ ታች ሳቢው እስኪ፣ ይኖራል።»

ሳብኩላቸው። ከስር ባዶ ነው።