ትንፋሼ ያስደነገጣት ነርስ

በደርግ ጊዜ ነው፤ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል በለየሁ ሰሞን። ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ በበጎ ፈቃድ የምትሠራ ፈረንጅ ነርስ መጣች ተባለ። ልጄ ዘሐራ ስታስል አደረች። የመጀመሪያዬ ስለሆነች ባስነጠሳት ቁጥር የምትሞትብኝ ይመስለኛል፤ ታቅፌያት ሮጥኩ።

ነርሷ ትጠይቃለች፣ የጣቢያው ቁስል አጣቢ ድሬሰር ጋሽ ሰይድ ያስተረጉማሉ።

“ጡት ትጠባለች ወይ ትልሻለች” አሉኝ።

እኛ አገር አዎ ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ይደረግ የለ? ሳብ አደረግኩ። ነርሷ ክው ብላ አየችኝ።

“ሌሊት ያስላታል ወይ?”

ደግሜ ሳብ አደረግኩ። ይሄኔ ልጄን ተቀብላ ለጋሽ ሰይድ ሰጠችና እኔን አልጋ ላይ አጋደመችኝ። ማዳመጫዋን ደረቴ ላይ ለጠፈች።

“ጋሽ ሰይድ፣ ልሞት ነው እንዴ? ዘሐራን ማን ያሳድግልኛል?”

“እኔ ምን አውቄ፣ ዝም ብለሽ ተኚ” አሉኝ።

ነርሷ ዞር ብላ በቋንቋዋ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ። ክንዳቸውን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

ያኔ ገባቸውና ዘሐራን እንደታቀፉ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ‘አዎ’ ማለታችን እንደሆነ ሲነግሯት እሷም ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ለልጄ ሽሮፕ ተሰጣት፤ አልሐምዱሊላህ ዳነች።

ከወራት በኋላ ነርሷን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ነጠላ ለብሳ አገኘኋት። አማርኛውንም ይዛዋለች።

“ሲስተር፣ አገራችንን ለመድሽው?” አልኳት።

ትንፋሿን ሳብ አደረገች።

እኔ ከፈረንጅ አልጠበቅኩትምና ደንግጬ ክንዷን ያዝኩ። “ምነው፣ አመመሽ እንዴ?”